የጎተራው ማራገቢያ

ዛሬ ጠዋት ጊንጆ ጉዱሩ፣ ጅማ ያለው ሰፈሬ ላይ፣ በኅዳር፣ ዝናቡ ወረደ። አይ ጅማ! እህል ደረቀ በተባለ ወር እንኳ ሰማይሽ አያርፍም። ቆርቆሮው ሲደበደብ አባባ ከእርሻችን ከሰርቦ ደወሉ፤ ስልኩን ገና ሳላነሳ የዚያ የሻገተ በቆሎ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ነገሩ ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ጅማ ኮሌጅ እማር ነበር። አባባ በቆሎና ቦሎቄ ያመርታሉ። ጎረቤቱ ሁሉ እህሉን ሰሌን ላይ ያሰጣል፤ ደመና ሲመጣ ይሰበስባል፣ ሲሄድ መልሶ ይዘረጋል። እኔ ከዚህ ልፋት ላሳርፋቸው ብዬ ቆርቆሮ ጥቁር ቀብቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ። ከሥሩ የሚሞቀውን አየር በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ በቱቦ ወደ ጎተራው ትገፋዋለች። እማዬ እርጥቡን አታስገቡ ብላ ለመነች። አባባ ግን "ልጄ ካለች አለች" ብለው የዓመት ቀለባችንን ከነእርጥበቱ ገለበጡት። ማራገቢያዋ ቀን ቀን እንዳትቆም አደራ ብዬ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስመጣ ማራገቢያዋ ድምጿ የለም። እጄን ጎተራው ውስጥ ብሰድ እንደ ፍግ ይግላል። ሽቦውን ተከትዬ ብሄድ፣ ከቤቱ ጀርባ አግዳሚ ላይ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ተደርድሮ ይሞላል! ጎረቤታችን አባ ዚናብ አጠገቡ ተቀምጠው፣ "ማሎ፣ እባክሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው" አሉኝ።

ንድድ አልኩ። አባባን ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ "ታዲያ ዓመቱን ምን ልንበላ ነው?" አልኳቸው።

"ልጃቸው ዓረብ አገር ናት" አሉኝ ቀስ ብለው። "ስትደውል ስልካቸው ተዘግቶ ብታጣቸውስ? እኔ ይኼን እያየሁ በቆሎ ላናፍስ?"

ምን ይመለሳል? ግማሹ ለከብት እንኳ ሳይሆን ተደፋ። የተረፈው ቂጣ ሲጋገር ጉሮሮ ላይ ይመር ነበር። አባ ዚናብ አፍረው አንድ ጆንያ በቆሎ በአህያ ጭነው አመጡልን። አባባ "አየሽ?" ብለው ኮሩብኝ። አየሁ እንጂ፤ ሰሌን ላይ የደረቀ በቆሎ ነው! የእኔዋ ትሥራ አትሥራ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አንጀቴን የሚያሳርረው እሱ ነው።

ስልኩን አነሳሁት። "ልጄ፣ ዘንድሮም ዝናቡ አልቆም ብሏል፤ ያቺን ማራገቢያ መልሰሽ ብትተክይልኝ" አሉኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! ደስታዬ ልክ አጣ። ቀጠሉ፤ "አባ ዚናብም ሰላም ብለውሻል። የስልክ መሙያ ይኑራት።"

ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። ዘንድሮ መጀመሪያ የምተክለው የስልኩን ነው፤ ለብቻው። ሰርቦ ላይ የጎረቤት ስልክ ሳይጠግብ በቆሎ አይደርቅም።