ከአውሬው ቀንዶች ዳር

በዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዘቅዝቀው ይዘዋል። ኮታቸው አንገቱ ላይ ነትቧል፤ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ጉልበታቸው ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ተዘርግቷል። ትንቢተ ዳንኤል ላይ፣ ከአውሬው ቀንዶች ዳር፣ የመሪዎች ስም በእርሳስ ተጽፎ፣ በላጲስ ተፍቆ፣ ደግሞ ሌላ ተጽፎበት ወረቀቱ ሳስቷል።

«እስቲ አንብቢልኝ ልጄ፤ ዛሬ ደግሞ እነማን ተጣሉ ይላል?»

አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጦርነት በተነሣ ቁጥር 'ይኸው መጨረሻው!' እል ነበር። አውሬው ነው ያልኩት ሁሉ እንደማንም ሰው ታሞ ሞተ።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ። «ልጄን እንኳ 'ዓለም ሊያልፍ ነው፣ ትምህርት ምን ያደርግልሻል?' ብዬ ቤት አስቀረኋት።»

ይህን እያሉ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ልጃቸው ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተመለሰች።

«አባዬ፣ ተራችን ደርሷል፤ ምርመራ ክፍል ግቡ ተብለናል።»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ ምርመራ ክፍል የቱ ነው?»

ፊት ለፊታችን ያለው በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በጣቴ አሳየኋት።

ሽማግሌው ሰምተዋታል። ጋዜጣውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ ተዉትና ክንዷን ይዘው ተነሡ።