በጁፒተር ላይ የሳልናቸው ሦስት ነጥቦች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤዛ ስልኳን ይዛ ወደ ማድቤት መጣችና ጅራታም ኮከብ ሊታይ ነው እየተባለ መሆኑን ነገረችኝ። ፎቶውንም አሳየችኝ፤ ነጭ ጭራ የሚጎትት ብዥ ያለ ነገር ነው። «አባዬ ቢኖር ዛሬ ከጣራ አይወርድም ነበር» አለች። ከዚያ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደውን ጨዋታ እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ አባቷ ለእኔ ሲል የኮሌጅ ቦታውን እንዴት እንደተወ። ባለቤቴ ይበልጣል ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። ወጡን አማስል ነበርና ሌላ ጊዜ አልኋት። ጨዋታው እውነት ይሁን አይሁን ግን እኔም አላውቀውም።

እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ ጨርሰን ምደባ የምንጠብቅበት ሐምሌ ነበር። በዚያ ዘመን ተመራቂ የሚመደበው በዕጣ ነው፤ ማን የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የፊዚክስ ክፍሉ ግን አንድ ሰው በላቦራቶሪ ረዳትነት ሊያስቀር አስቦ ነበር። በውጤት የቀደምነው ይበልጣልና እኔ ነን፤ እኩል ነበርን። እሱ የይፋግ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። እኔ ደግሞ እናቴ ከፋብሪካ በሕመም ጡረታ ወጥታ አልጋ ላይ ውላለች፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ዕጣው ሩቅ ቢጥለኝ ውሃ የሚያቀብላት አልነበረም። በሰባታሚት መንገድ ጭቃውን እየዘለልሁ ስመላለስ የማስበው ይህንኑ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጅራታም ኮከብ ከጁፒተር ጋር ሊጋጭ ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የፊዚክሱ ኃላፊ ለክረምት ዕረፍት ሄዶ ስለነበር ነገሩ በባዮሎጂው መምህር በገረመው ላይ ወደቀ። መምህር ገረመው ስለ ሰማይ የሚያውቁት ከአዲስ አበባ የደረሳቸውን አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነበር። ምደባ የምንጠብቀው ተመራቂዎች በየተራ አነበብነው። ጅራታም ኮከብ ከበረዶና ከአቧራ የተጋገረ ጓል ነው ይላል። ብዙዎቹ በጣም በተለጠጠ ሞላላ መንገድ ፀሐይን እየዞሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ይኼኛውን ግን ጁፒተር ስቦ ከራሱ ዘንድ አስቀርቶታል፤ አጠገቡ ሲያልፍም በስበቱ ከሃያ በላይ አድርጎ በጣጥሶታል። ስብርባሪው እንደ መቁጠሪያ ተሰልፎ እየተመለሰ ነው። በዚያ ሳምንት በየተራ በጁፒተር ደቡባዊ ክፍል ላይ ይወድቃል፤ የወደቀበትም ቦታ ከመሬት የሚሰፋ ጥቁር ምልክት ይሆናል።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙ አሰበችና በረዶ እንዴት ያጠቁራል ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ሙሉ ስለዚያ በረዶ ሳስብ ዋልሁ፤ ደጃችን ላይ ደግሞ የእኛው በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

ከኮሌጁ መጋዘን አንድ ቴሌስኮፕ ወጣ። ማንም ነክቶት አያውቅም። መምህር ገረመው ያየነውን እንድንስልና ያየንበትን ሰዓት ከጎኑ እንድንጽፍ አዘዙን፤ ስለ ረዳትነቱ ለፊዚክሱ ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉትም ሥዕሉን አይተው እንደሆነ ነገሩን። አምስት ምሽት በተከታታይ ከሐይቁ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ቆመን ደመና ብቻ አየን። ዘበኛው ጋሽ አያሌው ካቦርታቸውን ተከናንበው ይመጡና ይስቁብናል። «እዚያ ላይ የሚወድቀውን ስትጠብቁ እዚህ ጉማሬው እንዳይረግጣችሁ» ይሉን ነበር።

በስድስተኛው ቀን ፀሐይ እንደገባች በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ ተከፈተ። ይበልጣል በአንድ ሰዓት ከሩብ አየ። ሌሎቹ ተከተሉ። እኔ ተራው የደረሰኝ ለሁለት አሥር ጉዳይ ሲሆን ነው። ዓይኔን ሳስጠጋ የምትንቀጠቀጥ ቢጫ ክብ አየሁ። ምንም አልነበረባትም። ትንፋሼን ያዝሁ፤ ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ፤ ያው ናት። ከዚያ ደመናው ዘጋ።

«አየሽ፣ ትርንጎ?» አሉኝ መምህር ገረመው።

«አየሁ» አልሁ።

የይበልጣል ወረቀት ሜዳው ዳር ካለው ደረጃ ላይ በድንጋይ ተይዞ ነበር። እሱ ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ወደ መጋዘን ሄዷል። ክቡ ውስጥ፣ በታችኛው በኩል፣ ሦስት ጥቁር ነጥቦች ተስለዋል። እነዚያኑ ሦስት ነጥቦች በራሴ ወረቀት ላይ አኖርሁ። ደቂቃም አልፈጀብኝም። ወደ ቤት ስመለስ ለእሷ ጠብሼ ከሄድሁት ቀረሶ ዓሣ እናቴ ከፍላ አስቀምጣልኝ ነበር፤ አጥንቱ ጉሮሮዬን እየወጋኝ በላሁ።

በማግሥቱ ጠዋት መምህር ገረመው ሁለታችንን ቢሮ አስጠሩን። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ዘርግተዋል። ወረቀታቸውን አንስተው ጁፒተር አሥር ሰዓት በሚያህል ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ በራሱ ላይ እንደሚዞር አነበቡልን። በሁለታችን መካከል ከግማሽ ሰዓት በላይ አለፈ፤ ነጥቦቹ ወደ ጎን መሸሽ ነበረባቸው። የእኛ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ አላያችሁም» አሉ።

ዝናቡ ጣራውን እየመታ ነበር። አፌን ልከፍት አስቤ እንደነበር እምላለሁ። አልከፈትሁም።

«ያላየሁት እኔ ነኝ» አለ ይበልጣል።

መምህሩ የእሱን ወረቀት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔ ረዳት ሆኜ ቀረሁ፤ ለእሱ በዕጣ ቆላው ቋራ ደረሰው። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ያዘው፤ ከዚያ በኋላም እየተመላለሰ ያንቀጠቅጠው ነበር። መጻፍ የጀመርሁለት ከጸጸት ነው። መልሱ ሲመጣ ግን ስለ ተማሪዎቹና ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልነበረበትም። ለእኔ ብሎ ዋሽቶ ውለታውን የማያነሳ ሰው ብዬ አሰብሁ፤ ወደድሁት።

ገና ሳንጋባ፣ በአንድ የጥቅምት ቀን፣ ቴሌስኮፑን ለተማሪዎች ላዘጋጅ አውጥቼ ወደ ሐይቁ አዞርሁት። እንጨት የጫነች ታንኳ ተዘቅዝቃ ስትሄድ አየሁ፤ ቀዛፊው እግሩ ወደ ላይ ነው። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ተወኝ። መሣሪያው ሁሉን ይገለብጣል ማለት ነው። በዚያ ምሽት በእውነት ያየ ሰው ነጥቦቹን ማየት የነበረበት ከላይ ነው። የይበልጣል ነጥቦች ግን ከታች ነበሩ፤ በካርታ ላይ ደቡብ በሚሆንበት። እንግዲህ እሱም እንደ እኔ ቢጫ ክብ ብቻ አይቶ፣ ወረቀቱ ያለውን ስሎ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በዚያ ቢሮ የተናገረው ለእኔ ሲል አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ወይም ደግሞ አይቶ፣ መሣሪያው መገልበጡን ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ስለነበር አቃንቶ ስሎት ይሆናል። ይህን ሳወጣ ሳወርድ መሸብኝ።

ተጋባን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቤዛ ገና ሳትወለድ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን «ያን ቀን መምህር ገረመው ቢሮ...» ብዬ ጀመርሁ። ቀና ብሎ አየኝና «ብይ፣ ይቀዘቅዝብሻል» አለኝ። በላሁ። ለልጆቻችን ጨዋታውን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን መቅዳት ደብቄ፣ የእሱን ቦታ መተው ብቻ። እሱ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል፤ ፈገግ ይላል፤ አንድም ቀን ልክ ነው ወይም ስህተት ነው አላለም።

ትናንት ምሳ ላይ ለቤዛ ሁሉንም ነገርኋት፤ የእኔንም ጭምር። እጇን ከትሪው አነሳች።

«ሠላሳ ዓመት አብረሽው ስትኖሪ እንዴት አልጠየቅሽውም፣ እማዬ?»

ለአንቺ ብዬ ነው ቢለኝ ዕድሜ ልኬን አንገቴን ደፍቼ ልኖር ነው። እውነቴን ነው፣ አላየሁም ቢለኝ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት የወደድሁት ሰው ከእጄ ሊወጣ ነው። ሁለቱንም ፈርቼ ነው አልኋት። እሷ ግን ትሪውን ይዛ ተነሳች። ሳልጨርስ ቀረሁ።

ዛሬ ጠዋት አልጋውን ሳነጥፍ ወደዚያው ሐሳብ ተመለስሁ። እሱ ስጦታ ሰጥቶም ይሁን እውነት ተናግሮ፣ በዚያ ቢሮ ውስጥ እኔ ያደረግሁት ያው ነው፤ ቀድቼ ዝም አልሁ። ስለ ይበልጣል እስከ ዛሬ ግራ እንደተጋባሁ ነኝ፤ ስለ ራሴ ግን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አውቅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የምጠይቀው ነገር ያለኝ ይመስለኝ ነበር። የነበረኝ ግን ለእሱ የምነግረው ነገር ነው።