ዲስኩ አልቋል

ወገቤ ዲስክ አለበት። ሠፈሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር የማወጣውን ድምፅ ጎረቤት ይሰማዋል። ሐኪሙ ብዙ መቆም ሲከለክለኝ ማውንቴን ብስክሌት ገዛሁ። ከገርጂ ጉርድ ሾላ ወዳለው ቢሮዬ በታክሲ መሄድ ማለት ኢምፔሪያል ላይ ተሰልፎ መቆም ማለት ነዋ። ባለቤቴ የተስማማችው በአንድ ነገር ነው፦ "ሐኪሙ ወገብህ ብሶበታል ያለ ቀን ይሸጣል።"

ብስክሌቱን እንደ ሕፃን እንከባከበው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ፍሬኑ መጮህ ከጀመረ ከርሟል። በጮኸ ቁጥር ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ከግራ ከቀኝ ቆንጥጦ የሚያቆመውን ሸራ አስቀይራለሁ፤ ትንሽ ዝም ይልና ይመለሳል። ኋላ ለመድኩት። ጥሩምባ ስለሌለኝ ይጠቅመኛል አልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ኢምፔሪያል ጋ ከፊቴ ያለው ሚኒባስ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ጮኸ፣ ብስክሌቱ ግን መንገዱን ቀጠለ። የቆምኩት ጎማዬ የታክሲውን ቂጥ ነካ ካደረገ በኋላ ነው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

"ፋዘር፣ በበር ነው የሚገባው።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቅዳሜ ብስክሌቱን እየገፋሁ ቦሌ ሚካኤል ብስክሌት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ስደርስ ጥገና የሚያስፈልገኝ እኔ ነበርኩ። ሠሪው እኩያዬ ነው፤ እሱም ሲቀመጥ ያቃስታል። የፊቱን ጎማ ፈትቶ ጣቴን ዲስኩ ላይ አስኬደው። ሸራው የሚነካው ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ዳሩ እንደ ሳህን ጠርዝ ቆሟል።

"ጥፍርህ እዚህ ጋ ከተያዘ፣ አልቋል" አለኝ። ዲስኩ ላይ የተቀረጸች ቁጥርም አሳየኝ፤ ከዚህ ከሳሳ ጣለው ማለት ነው። መነጽሬን አውልቄ፣ አድርጌ፣ እንደገና አውልቄ አነበብኳት።

"አብረን ነው ያረጀነው" አልኩት።

"አንተ ትሻላለህ። ገና አልተጣመምክም።"

ይሄኔ ባለቤቴ ደወለች። እጄ በግራሶ ስለተጨማለቀ ላውድ ላይ አደረግኩት።

"የት ነህ?"

"ቦሌ ሚካኤል። ዲስኩ አልቋል አለኝ። ድሮ ነበር መቀየር የነበረበት።"

"ሳትነግረኝ ሄድክ?" ድምጿ ቀጠነ። "ኤምአርአይ አነሱህ? ቀዶ ጥገና ነው ያሉህ?"

እኔ አፌን እስክከፍት ሠሪው ስልኩ ላይ ጎንበስ አለ።

"እህቴ፣ የብስክሌቱ ነው። የእሱን እኛ አንቀይርም።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ተረፍኩ ብዬ ሳላበቃ፣ "ታዲያ በየቀኑ ፍሬን በሌለው ነገር ነው የምትሄደው?" አለች። እዚያው ሽጠው የምትለኝ መሰለኝ። የታክሲው ሰልፍ ታየኝ፤ ወገቤ ከአሁኑ ጠዘጠዘኝ።

እሷ ግን እኔን ትታ ሠሪውን ያዘች። "ወንድሜ፣ ይህን ከቀየርክለት ይቆማል?"

"ሸራውን አብሬ ከቀየርኩት ይቆማል። አሮጌ ሸራ አዲሱን ዲስክ ይበላዋል።"

"የኋላውስ?"

ሠሪው የኋላውን ጎማ አሽከረከረና ጥፍሩን አስኬደ። "የኋላው ገና ነው።"

"እሱንም ቀይረው" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሠሪው አየኝ። ልከራከር አልኩና ደከመኝ። በርጩማ አቀበለኝ፤ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።