ሁሉም የሚያውቀው ሰላይ

ሪቻርድ ሶርጌ ቶኪዮ ውስጥ የጀርመን ጋዜጠኛ መስሎ ለሞስኮ ሠራ፤ ጃፓኖች ሰቀሉት። ኤሊ ኮኸን ደማስቆ ላይ ባለጸጋ ነጋዴ ሆኖ ሹማምንቱን ግብር አበላ፤ እሱንም ሰቀሉት። ኪም ፊልቢ የእንግሊዝን የስለላ ቢሮ ዓመታት አታልሎ መጨረሻው ሞስኮ ሆነ። ሦስቱም ማንነታቸውን ለመደበቅ ብዙ ደክመዋል። የቦንጋው ከፈለኝ ግን እንዲህ ያለ ንዑስ ከበርቴያዊ ጭንቀት የለበትም። ሰላይ መሆኑን የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ያውቃል።

ከፈለኝ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የያኔው ኃላፊ ጠርተው፣ "እስቲ ጆሮህን ጣል አድርግ" አሉት። ምስኪን፣ እንደጣለ ቀረ። ያን ሰሞን ስለ ታላላቅ ሰላዮች የሚተርክ መጽሐፍ እጁ ገብቶ ነበርና ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጥ ጀመር። ጋዜጣው የአምና ነበር።

መጀመሪያ ሰው ፈራው። ቆይቶ ግን ሰፊው ሕዝብ የጨቋኙን መሣሪያ ለራሱ አዋለው። አለቃን ፊት ለፊት መናገር ነውር በሆነበት ቤት፣ ጆሮ ጠቢው ፖስታ ቤት ሆነ። ደረጃው ሥር ሻይ የምትሸጠው ኸይሪያ የተደፈነው ቦይ ጎርፍ እየመለሰ ሲያስቸግራት አቤቱታ አልጻፈችም። ብርጭቆውን አስቀምጣለት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ከኔ ሰማሁ እንዳይሉ። ስለዚህ ቦይ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው።"

በሳምንቱ ቦዩ ተጠረገ። ፊርማ የሚባል ነገር አልነበረም። ከፈለኝ ግን ሴራ አከሸፍኩ ብሎ ሦስት ቀን ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ሁሉም እንዲህ ተመችቶት ሲኖር ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ መጡ፤ ወይዘሮ አብርሆት። ሥልጠና የጠገቡ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባ፣ "ወሬ አመላላሽ አልፈልግም፤ በሬ ክፍት ነው፣ ቅሬታ ያለው ራሱ ይግባ" አሉ። ተጨበጨበ። በሩም ተከፈተ። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ በር ከነፋስ በቀር የገባ የለም። ሠራተኛው እንደ ልማዱ ለከፈለኝ ያንሾካሹካል፤ ከፈለኝ ደግሞ የሚያደርስበት አጥቶ ሆዱ ሊፈነዳ ደርሷል።

በዚህ መካከል የጸሐፊዋ የሠናይት ዝውውር መጣ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሩቋ ወረዳ ቢታ ገነት። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከእሷ በቀር አገላብጦ የሚያስተኛቸው የለም። ደብዳቤው ዓርብ ይፈረማል። ክፍቱ በር ዐሥር እርምጃ ላይ እያለ ሠናይት ወዴት ሄደች? መዝገብ ቤት።

"ጋሼ፣ ሠራተኛው በኔ ዝውውር በጣም አዝኗል አሉ። ሥራ እናቆማለን የሚሉም አሉ።"

"እነማን?"

"ስም አልጠራም። ብቻ ብዙ ናቸው።"

ከፈለኝ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እኔ እኮ ሥራ ለቅቄያለሁ፣ ልጄ።"

"የቱን?"

"ዋናውን። በይ ራስሽ ግቢና እናቴ ታመዋል በያቸው።"

"እንዴት ፊት ለፊት ይባላል፣ ጋሼ?"

እውነቷን ነው፤ እንዴት ይባላል?

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከፈለኝ ኮቱን ቆልፎ በክፍቱ በር ገባ። ይህን የነገረችኝ ኸይሪያ ናት። ሻይ ይዛ እዚያው ነበረች፤ እንዲህ ባለው ጊዜ ስኳር ስታማስል እሷን የሚያህል ዝግተኛ የለም።

"ወይዘሮ አብርሆት፣ ሠራተኛው በሠናይት ዝውውር ቅር ብሎታል ይባላል።"

"ማን ነው የሚለው፣ አቶ ከፈለኝ?"

ዐሥራ አራት ዓመት ሲጠየቅ የኖረው ጥያቄ ነው። ድሮ መልሱ ከአፉ አይጠፋም፤ ስም፣ ሰዓት፣ የተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር። አሁን የሠናይትን ስም ቢጠራ፣ የአድማ ወሬ አስወራች ተብላ በዝውውሩ ላይ ቅጣት ሊጨመርላት ነው። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"እርስዎ ምን አሉ?"

"እናቷን የሚያነሣላቸው የለም። አትሂድ ነው የምለው።"

ወይዘሮ አብርሆት ደብዳቤውን ወደ ጎን ገፉት። "ይህን የሚነግረኝ ሰው ሁለት ወር ሙሉ የት ጠፋ?"

"በሩ ክፍት ስለሆነ ሰው ፈራ።"

"ቢታ ገነት ግን ባዶውን አያድርም። ማን ይሂድ? ይህንንም ይንገሩኝ።"

ስም መጥራት ሙያው ነው። የዕድሜውን ሩብ የሰው ስም ሲያቀብል የኖረ ምላስ እዚያች ላይ ተንተባተበና የራሱን አመጣ። ከሰዓት በኋላ የራሱን የዝውውር ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም መትቶ፣ በገዛ እጁ ወጪ አደረገ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሊሸኘው ግቢው ውስጥ ቆመ። ንግግር የሚያደርግ ጠፋ። አንድ በአንድ ወደ ጥግ እየሳቡ ምስጋናቸውን በጆሮው አንሾካሾኩለት፤ አመስጋኝ መሆናቸውን ሌላው እንዳያውቅባቸው። ሠናይት ብቻ እመሐል ግቢ ቆማ፣ አለቃዋ በመስኮት እያዩ፣ ጮክ አለች።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ እናቴ መርቀውዎታል። አልጋዬ ላይ ቁጭ አድርጊኝ ብለው፣ ወደ ቢታ ገነት ዞረው ነው የመረቁዎት።"

ከፈለኝ ግራና ቀኝ አየ።

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ" አላት፣ "ሰው ይሰማል።"