«ባዶ» ያለችኝ ልጅ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ አጥንት ይገባል... እኔና ህሊና ታውን በሚሉት መሃል ከተማ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ መስታወት ፊት ቆመናል። ስድስተኛ ቅዳሜያችን ነው።

መስታወቱ ውስጥ ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ብርማ። ዋጋቸውን አልነግራችሁም፣ ታዝኑልኛላችሁ። እኔ የጥቁሩ ደጋፊ ነኝ፣ እሷ የብርማው። የተዋወቅነውም እዚያው ነው። አንድ ቀን ለራሴ «ወይ ኪቦርድ!» ስል አጠገቤ የቆመች ልጅ «ኪቦርድ ብቻውን ምን ያደርጋል? ስክሪኑን አታይም?» አለችኝ፣ በአማርኛ። ክው ነው ያልኩት።

ህሊና ያደገችው ሀበሻ የሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ነው፤ እናቷ እዚያ ምግብ ቤት አላቸው። ካርቱን መሳል ትማራለች። እኔ ደግሞ ጊጊሪ ሰፈር አንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ልዘረጋ ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ነኝ። ስዋሂሊዬ «ጃምቦ» ላይ ነው ያለቀው።

ሁለታችንም የምንጠብቀው ግን ሦስተኛውን ነበር። ሁለቱንም የሚያስንቅ አዲስ ሞዴል ሊመጣ ነው ተብሎ ተወርቷል። እንደ ጥቁሩ ጠንካራ፣ እንደ ብርማው ቀጭን... ሁለት ጊጋ ራም! ያኔ ሁለት ጊጋ ማለት ቀልድ አልነበረም። እስኪመጣ ድረስ የቆሙትን እናማርጣለን።

«ያንተ ጥቁር የሬሳ ሳጥን ነው የሚመስለው» ትለኛለች።

«ያንቺም የሻይ ትሪ ነው።»

«ትሪው ቢያንስ ያበራል!»

እንዲህ እየተባባልን ሰዓቱ ይሄዳል። ከኋላችን ማታቱ የሚሏቸው ታክሲዎች ሙዚቃቸውን እየለቀቁ ያልፋሉ፣ አይሰማኝም። የሁለታችን ፊት መስታወቱ ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ራም እያወራሁ ስለ ራም አላስብም ነበር። በሐሳቤ ቤት ተከራይቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትስል እያየሁ ነው የምቆመው። አንዳንዴማ የምትለውን ሳልሰማ «አዎ፣ ባትሪው» እላለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን በሕልም የሚቆምበት ጊዜ አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ «ሁለት ዓመት እናራዝምልህ ወይስ ትመለሳለህ? ሰኞ በደብዳቤ አሳውቀን» ብሎኛል። ለህሊና ነገርኳት። እኔም አፌ እንዴት እንደተላቀቀ አላውቅም...

«አንቺስ? ልብሽ ስለ እኔ ምን አለ?» አልኳት።

አቀረቀረች። ሻርፗን አስተካከለች። ፈገግ አለችና ቀስ ብላ...

«ባዶ» አለችኝ።

ባዶ! በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከቃሏ ይልቅ ፈገግታዋ ነው ያንገበገበኝ። «እሺ» ብዬ ያገኘሁት ማታቱ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት «እንዲራዘምልኝ አልፈልግም» ብዬ ፈርሜ ለኃላፊው ጸሐፊ ሰጠሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስትደውል አላነሳሁም። ምን ልትለኝ ነው? «አይዞህ» ልትለኝ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁን ልሰናበት ሄድኩ። እንዳላገኛት ብዬ በጠዋት ነው የሄድኩት። የሱቁን ጎልማሳ ሻጭ በእንግሊዝኛ «አዲሱ መጣ?» አልኩት።

«ባዶ» አለኝ።

«እንዴ! ሀበሻ ነህ?» አልኩት በአማርኛ።

ሰውዬው አፍጥጦ አየኝ። እኔም አፈጠጥኩበት። ደግሜ በእንግሊዝኛ «ምን ማለት ነው ባዶ? መጥቶ አለቀ?» ስለው ሳቀብኝ።

«ኧረ አላለቀም! ባዶ በስዋሂሊ ገና ማለት ነው። እየመጣ ነው ወዳጄ፣ ታገስ።»

ገና... እግዚኦ! እዚያው ቆሜ ግንባሬን መታሁ። ኢስትሊ ያደገችው ልጅ በስዋሂሊ ገና ነው ያለችኝ! ልቤ ገና ነው፣ አልወሰነም... እኔ ግን በአማርኛ ሰምቼ ጥያት ሄድኩ።

ቁጥር ስድስት ማታቱ ላይ ተሳፍሬ ኢስትሊ ወረድኩ። ህሊና ምግብ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርት ትልጣለች።

«የት ጠፍተህ ነው? ስልክ አታነሳም እንዴ!»

«ባዶ ብለሽኝ!»

«አዎ፣ ባዶ! ትንሽ ጠብቀኝ ነው እኮ ያልኩህ...» ብላ ጀመረችና ገባት። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። ግድግዳ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። እናቷ ከውስጥ «አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» ይላሉ።

«ደብዳቤውን ፈርሜ አስገባሁ እኮ» ስላት ሳቋ ቆመ።

«በአንድ ቃል? ምን ማለትሽ ነው ተብሎ አይጠየቅም? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል እያልክ ስድስት ቅዳሜ የጨቀጨቅከኝ ሰውዬ!»

አፈርኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከእኔ አላውቅም።

«እኔ እኮ ላፕቶፑ እንዳይመጣ ነበር የምጸልየው» አለችኝ። «ከመጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ብለን እንገናኛለን?»

ሰኞ ጸሐፊዋ ቢሮውን ሳትከፍት ደርሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሑድ የተሳልኩት ስለት ሰመረ... ኃላፊው ለፊልድ ወጥቶ ሰንብቷል፤ ደብዳቤዬ ከነፖስታው ጠረጴዛዋ ላይ ተኝቷል። ላፍ ሳደርገው ሴትዮዋ ክፉኛ ደነገጠች። «ሁለት ዓመት ይራዘምልኝ» የሚል ወረቀት እዚያው ቆሜ ፈረምኩ።

አዲሱ ሞዴል መቼ ሱቁ እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም... ሄደን አልጠየቅንማ!