የስልኩ ቼዝና የጎረቤቴ እጅ

ሱቄ በረንዳ ላይ አንድ የቼዝ ሰሌዳ አለች። እኔ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ፤ ከሆሞሻ የመጣው ጎረቤቴ ሰሊጥ ይነግዳል። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንጫወታለን። ስምንት ዓመት ሙሉ አብዛኛውን ያሸነፈኝ እሱ ነው። እኔማ የምቀመጠው ለወሬው ነው እያልኩ አልፈዋለሁ።

አንድ ቀን ጉባ ግድቡ ላይ የሚሠራ፣ እዚህ አሶሳ ቤት መሥራት የጀመረ መሐንዲስ ሚስማር ሊገዛ መጣ። ቆሞ አየንና «እስቲ ከዚህ ጋር ሞክሩት» ብሎ ስልኩን አወጣ። ስልኩ እያዘዘ፣ መሐንዲሱ ጠጠሮቹን እያንቀሳቀሰለት፣ ጎረቤቴ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተሸነፈ።

«የዓለም ሻምፒዮንም አይችለው» አለ መሐንዲሱ፣ ራሱ ያሸነፈ ይመስል።

ጎረቤቴ ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ በረንዳዬን አልረገጠም። ሌላ ተጫዋች የለኝም፤ ሱቁ ድረስ ሄድኩ።

«ያ ማጭበርበር ነው» አልኩት። «በእኛ ሕግ የነካ ያንቀሳቅሳል። ስልኩ በሆዱ ስንቱን ነክቶ መለሰ?»

«እኔስ በሆዴ አልነካም እንዴ?»

«አንተ ብትነካ ሦስት አራት ነው። እሱ የግድቡን ውሃ በጠብታ ይቆጥራል። ደግሞ አይደክመው፣ አያፍር፣ ፊቱ አይታይ። ፊቱን የሚሸሽግ ሰሊጥ ሻጭ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?»

«እጄን እስከ ጆንያው ሥር እከታለኋ።»

«የስልኩስ ሥሩ የት ነው?»

ሳቀ። «ወላሂ አንተ ሰውዬ! የተሸነፍኩት እኔ፣ የተናደድከው አንተ!»

ዓርብ ከሶላት በኋላ መጣ። ደስ ብሎኝ ወታደሮቹን ደረደርኩ። መሃል ላይ ግን ረጅም አስቦ፣ ፈረሱን እሱ አስቀምጦ የማያውቅበት ቦታ አኖረው። መውጫ አጣሁ። ቀና ስል ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አፌ ቀደመኝ፤

«እጅህን አውጣ እስቲ!»

ቀስ ብሎ አወጣ። የያዘው ሙስበሃውን፣ የዚክር መቁጠሪያውን ነበር። ስልክና ሰው አይወዳደሩም ስል የከረምኩት ሰውዬ፣ ሰው ጥሩ ቢጫወትብኝ ስልክ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኬላ ላይ እንደሚፈተሽ ተሳፋሪ ሁለት እጁን ሰሌዳው ዳር ዘርግቶ «ቀጥል» አለኝ። አሸነፈኝ።

አሁንም ይመጣል። አሁንም እንደዚያው ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚጫወተው። «ተው እባክህ፣ ይቅርታ ብዬሃለሁ እኮ» ስለው፣

«ግድ የለም» ይለኛል፣ «አንተ እጄን እያየህ ተጫወት።»