ሰርቨሩን እንደ ርስት ያካፈልሁት እኔ ነኝ

ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። ይህን የማስቀድመው አፍሬ አይደለም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁን ስትሰሙ በደንብ እንድትደነቁልኝ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ዳታ ሴንተር ቁልፍ በኪሴ ነው። ዕድሜዬን ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ከሬዲዮ ወደ ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተር ወደ ኮምፒውተር ተሻገርሁ። ያሻገረኝ ሰው የለም። ቁስቋም ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የእንግሊዝኛውን መመሪያ በግራ፣ መዝገበ ቃላቱን በቀኝ አድርጌ ገጽ በገጽ ጨረስሁት። ባለቤቴ ዳዊቴን እንዲህ ብደግም ኖሮ እስካሁን ጸድቄ እንደነበር ትነግረኛለች።

ዳታ ሴንተር ስላችሁ ትልቅ ነገር አታስቡ። ቀድሞ የጠመኔና የካርቶን ማስቀመጫ የነበረች ክፍል ናት። አሁን ማቀዝቀዣ ስላላት ውጭ ፀሐይ ሲያነድድ እኔ ጋቢ ደርቤ እቀመጣለሁ። በውስጧ ያለው አንድ ጎበዝ ሰርቨር ነው። ይህ አንድ ብረት በማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይከፋፈልና ስድስት ኮምፒውተር ይሆናል። ስድስቱ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ ልትዳስሷቸው አትችሉም፣ እያንዳንዳቸው ግን ለብቻቸው ቤት ያላቸው ይመስላቸዋል። አንዱ የሬጅስትራሩ፣ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ የንብረት ክፍሉ እያለ ስድስት ቢሮ ያገለግላሉ። የእኔ ሥራ ያለውን ሜሞሪና ዲስክ ለስድስቱ ማደላደል ነው።

ማደላደል ላይ ደግሞ ማንም አይቀድመኝም። በዳባት በኩል ባለው አገራችን ወንድማማች በርስት ሲጣላ የመሬት መለኪያውን ገመድ ይዤ የቆምሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰርቨሩ የመጣ ሰሞን ስድስቱ የቢሮ ኃላፊዎች የእኔ ድርሻ ይብለጥ እየተባባሉ ሲነታረኩ፣ ሰበሰብሁና አስቀመጥኋቸው። ሜሞሪው መቶ ዘጠና ሁለት ጊጋ ነበር። አሥራ ሁለቱን ለሰርቨሩ ለራሱ ትቼ ለየቢሮው ሠላሳ ሠላሳ ጊጋ ሰጠሁ። ዲስኩ ግን ግማሹ ፈጣን፣ ግማሹ አዝጋሚ ነበር። ለሙና ጭንጫው ካልተመጣጠነ ሰው የሚያምነው ዕጣ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የንብረቱ ሹም የመጋዘን ቁልፍ፣ ሌላውም ከኪሱ ያገኘውን ሰጠኝ፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ዘበኛ ጠርተን ዕጣውን አወጣልን። ከዚያ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባሁና የአንዱን ድርሻ ሌላው እንዳይነካው አድርጌ ቆለፍሁት። ባለቤቱን ሳልጠይቅ አንዲት ጊጋ እንደማላነሳም ቃሌን ሰጠሁ። ስድስቱም ፈረሙ፤ ወረቀቱን የሰርቨሩ ቁም ሣጥን ላይ ለጠፍሁት። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ሰርቨር አዲስ አበባም የለ።

ሁለት ዓመት እንዲህ በሰላም ከኖርን በኋላ አንዲት ባለሙያ ተቀጠረችልን። የሳንጃ ልጅ ናት፤ አባቷ የሰሊጥ ገበሬ ነው። ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ዲግሪዋ የማዕረግ ነው፣ ምላሷ ግን ከዲግሪዋም ይፈጥናል። በመጀመሪያ ቀኗ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሸጋ ነው አያ። ቅንጭብ አጥሩ ብቻ ነው የሚቀረው።"

ቀጥላ በስክሪኑ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን ማሽን አሳየችኝ። ከሠላሳው የሚሠራበት አራቱን ነው፤ ሃያ ስድስቱ ጦሙን አድሯል። ቁልፉን ብንከፍተው ሥራ የፈታው ሜሞሪ ሥራ ለበዛበት እንደሚያልፍ ታስረዳኝ ጀመር። ይህን በመመሪያው ላይ ከእርሷ በፊት አንብቤዋለሁ። ያልወደድሁት ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ጦም ያደረ መሬትም ባለቤት አለው ብዬ መለስሁላት። ከዚያ ወዲህ ጧት ስትገባ ከሰላምታዋ ቀጥላ ድንበር የገፋ ሰው እንዳለ ትጠይቀኛለች።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ሳምንት ነበር። ዲኑ ምዝገባው ያለ እንከን ካለፈ እንደምትቀጠር፣ ካላለፈ ግን እንደማትቀጠር እኔው ፊት ነግረዋታል። ሳንጃ ውስጥ አጎቷ የሰሊጥ መጋዘን አለው፤ የሚዛን ሠራተኝነቱን ቦታ ለእርሷ ይዞ እየጠበቀ ነው። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ምዝገባው ድሮ በወረቀት፣ ቀን ተከፋፍሎ ነበር። ዘንድሮ ሁሉም በአንድ ቀን በኮምፒውተር ይሁን ተባለ። ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከጭልጋ የመጣው ተማሪ ከነወላጁ ግቢውን ሞላው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሬጅስትራሩ ማሽን ሠላሳ ጊጋውን ጨርሶ ማቃሰት ጀመረ። ስክሪኑ ቀላ፤ ሰልፉ ቆመ። በጎኑ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የንብረት ክፍሉ ሜሞሪ ማንም ሳይረግጠው ተንጣሏል።

የይለፍ ቃሉን ልጅቷ ታውቀዋለች። ጥቂት ብትጫን ያለቀ ነገር ነበር። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"አያ፣ ቃሉ የአንቱ ነው። የሚያጥፉትም ቢሆን አንቱ ነዎት።"

ባለ ድርሻዎቹን ላስፈቅድ ስነሳ ስልክ ልደውልላቸው አለች። የሰው ድርሻ በስልክ አይጠየቅም። ጋቢዬን ጥዬ በእግሬ ወጣሁ።

ቤተ መጻሕፍቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ኃላፊዋ እኩያዬ ናት፤ ጡረታዋም ደርሷል። ቁና ቁና እየተነፈስሁ ብገባ መጀመሪያ ወንበር ሰጠችኝ፣ ቀጥላ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቀች፣ ከዚያ የመጣሁበትን ጉዳይ። ድርሻዋን ለጊዜው የእኩል፣ መሬት ለአራሽ እንደሚሰጥ፣ እንድትሰጠኝ ልለምን መምጣቴን ነገርኋት። የቱን ድርሻ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ጊጋውን ነዋ፣ ፈርመሽ የወሰድሽውን አልኋት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ሁለት ዓመት ባለ ርስት ሆኜ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልነገርኸኝም? ውሰደው። አዝመራው ሲገባ ግን እንዳትረሳኝ።"

የንብረቱ ሹም እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ይህ ሰው መጥረጊያ እንኳ ያለ ሦስት ፊርማ አያወጣም። በዕጣ የደረሰው ፈጣኑ ዲስክ እንደማይነካ አስማለኝ፤ ቀጥሎ ጊዜያዊ ነው የሚል ወረቀት አጻፈኝ፤ ቀጥሎ ማኅተም የምትይዘው ልጅ እስክትመጣ አስጠበቀኝ። ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያስተማርሁት እኔ ነኝና ምን እላለሁ።

ስመለስ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ሰልፉ ካለበት አልተነቃነቀም። ዲኑ የዳታ ሴንተሩ በር ላይ ቆመዋል። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ሹመት ነውና አንቱ እላቸዋለሁ። የሙከራዋ ሳምንት መሆኑን ረስታው እንደሆነ እየጠየቋት ነበር። እርሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች። ያ ምላስ፣ እኔን ጧት ማታ ሲነዘንዘኝ የከረመው ምላስ፣ "ሽማግሌው ነው የቆለፈው" ለማለት እምቢ ብሎ ተቀምጧል። ወረቀቱ ከራሷ በላይ ተለጥፏል፤ ጣቷን ቀስራ ብታሳያቸው ይበቃት ነበር።

ብዙ ንግግር አውቃለሁ። ለእርቅ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር የሚሆን አላጣም። የዚያን ዕለት ያወጣሁት ግን ከሁሉም ያጠረው ነው።

"የቆለፍሁት እኔ ነኝ። እርሷ በመጀመሪያ ቀኗ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።"

ዲኑ እኔን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ። መሳቃቸውን ትከሻቸው ነገረኝ። እኔ ፈቃዶቼን፣ አንዱን በቃል አንዱን በማኅተም፣ ለልጅቷ አስረከብሁ። ቁልፉን ከፈተች፤ የሁለቱን ድርሻ ቀነሰች፤ የሬጅስትራሩን ማሽን አጥፍታ በሰፊው ቦታ ላይ አስነሳችው። ይህ ሁሉ እኔ ጋቢዬን ፈልጌ እስክደርብ አልፈጀም። ቀዩ ስክሪን አረንጓዴ ሆነ፣ ከውጭም የሰልፉ ጫጫታ ወደ ፊት ሲሄድ ተሰማን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያልተመዘገበ ተማሪ አልቀረም።

ዲኑ ስለ እርሷ የምለውን በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። በእጄ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ጻፍሁ፤ ስለ እኔ የሚናገረው አንዱ ገጽ ብቻ ነው። ተቀጠረች። የሚዛኑን ቦታ አጎቷ ለሌላ ሰጠው።

የድሮው ወረቀት ወርዶ አሁን የእርሷ ተለጥፏል። ለየቢሮው አሥር አሥር ጊጋ የግሉ ሆነ፣ የቀረው የወል ግጦሽ፤ ሥራ የበዛበት ይሰማራበታል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። ስድስቱም ፈርመዋል። ከሥር የገመድ ሥዕል ሥላ የእኔን ስም አዳላዳይ ብላ ጽፋበታለች። ሹፈት መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢሆንም አላስነቀልሁትም። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ በር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ዘንድሮ አዝመራው እንዴት እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

የክፍሉን ቁልፍ ገበያ ወስጄ አስቀርጬ ለልጅቷ ሰጥቻታለሁ። ዋናው ግን በእኔ ኪስ ነው።